«ቀለሜ» የተባለ ልጅ ሸክም

እዚህ ኮኪት ሰሊጥ የሚታጨደው ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋልና ትልቁም ትንሹም ማሳ ይወርዳል። በአንዳንድ ቤት ግን አንድ ልጅ ይቀራል። «እሱን ተዉት፣ ቀለሜ ነው» ይባላል።

ቃሉ መነሻው ምስጋና ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ፈጥኖ የሚይዝን ልጅ አባቶች «ቀለም ይገባዋል» ይሉታል። ዛሬ ፌዝም ተቀላቅሎበታል፤ ኳስ የማይችል፣ ጨዋታ የማያውቅ እንደማለት ሆኗል።

ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ከቀለሜ የሚጠበቀው ብዙ ነው። ፈተና ላይ ካላስኮረጀ ስስታም ይባላል። ሶላሩና ስልኩ ሲበላሽ ጠጋኙ እሱ ነው። ከመተማ ዮሐንስ የመጣ አጎት «ዶክተሩ እንዴት ነው?» ይላል። ልጁ የሚወደው ታሪክ ወይም ሥዕል ቢሆንስ? የሚጠይቀው የለም። ቀለሜዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ የተረፈው ሰዓት ነው የጥናት ጊዜዋ።

ትልቁ ፍርድ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእያንዳንዱ ዓመት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እዚያ አንደኛ ሲወጣ የኖረው ልጅም አላለፈም ማለት ነው። ጉድለቱ የልጁ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ልጁ ግን ይህን አያስብም። የጎረቤቴ ልጅ ውጤት የሰማ ዕለት ቤት ዘግቶ ተቀመጠ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄደም። ያስወጡት አያቱ ናቸው። «በአንቀልባ ሳዝልህ ማንበብ ታውቅ ነበር? ያኔም ልጄ ነበርክ» አሉት። አሁን ቀን ስልክ ይጠግናል፣ ማታ ለድጋሚ ፈተና ያነባል።

እኛ ወላጆችና አያቶች የምንችለው ብዙ ነው። እንግዳ ፊት «ዶክተሬ» ማለትን እንተው። ደረጃውን ከመጠየቃችን በፊት ዛሬ ምን እንዳስደሰተው እንጠይቀው። አንዳንድ ቅዳሜ ከእኩዮቹ ጋር ማሳም ኳስ ሜዳም ይውረድ። ውጤት ከመውጣቱ በፊትም፣ ቢያልፍም ባያልፍም ቦታው እንደማይነሳበት በአፋችን እንንገረው፤ ሳይነግሩት ያውቃል ብለን አንተወው።