ያውቁ ኖሯል? የላንጋኖ ቡናማ ውኃ ቆሻሻ አይደለም

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። መልኩን አይቶ «ይሄማ ቆሻሻ ነው» ብሎ ከዳር የሚቀር ብዙ ነው። ቀለሙን የሰጠው ግን ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ አፈር ነው። እጅዎን እስከ ክርንዎ ቢያስገቡ ጣቶችዎ አይታዩዎትም።

ዋናተኞች ላንጋኖን የሚመርጡት ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል ነው። የቢልሃርዚያ ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል እንኳ አያስፈልገውም! ለዓይን ይበልጥ የሚማርኩት ጣናና ዝዋይ ይህ ስጋት አለባቸው። ቀንድ አውጣዋ ሣር የበዛበትን፣ ጸጥ ያለውን ዳርቻ ትወዳለች፤ ክፋቱ እኛንም የሚያጓጓን እሱው ነው።

ላንጋኖም ቢሆን ወለሉ አይታይምና በጭንቅላትዎ ዘለው አይግቡ። በሌላ ሐይቅ ዋኝተው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ከያዘዎ ደግሞ፣ ሐይቅ ገብተው እንደነበር ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል።