“ሃይማኖት ነው ወይ የሚያጋድለን?”

የምንኖርበት ሠፈር ብስራተ ገብርኤል ይባላል። ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዐረብኛ የቀራ ሰው ግን “ብስራት” ሲባል “ቡሽራ” ትዝ ይለዋል። ገብርኤልም የእኛው ጂብሪል (ዐ.ሰ) ነው። ለመርየም ብስራት ያደረሰው፣ በረመዳን ወር በሒራ ዋሻ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያውን ወሕይ ይዞ የወረደው እርሱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ እየተገጣጠሙ ነው። በአንድ ግቢ አንዱ ቤት የመግሪብን አዛን ሲጠብቅ፣ ጎረቤቱ የቅዳሴን መውጫ ይጠብቃል።

በዚህ ወር አንድ ምሽት ከተራዊሕ ስንመለስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሠፈራችን ልጅ ጠጋ ብሎ፣ “ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጓደኞቼ ሃይማኖት ባይኖር ኖሮ ሰው እንዲህ አይጋደልም ነበር ይሉኛል። ምን ልበላቸው?” አለን። እኛም የለመድነውን መለስንለት። ኢስላም የሚለው ቃል ራሱ ከሰላም ጋር አንድ ሥር እንዳለው ነገርነው። ልጁ በአክብሮት አዳመጠና፣ “እሱንስ አውቀዋለሁ፣ ኡስታዝ። ጎንደርስ? ወራቤስ?” አለ። ያን ምሽት በቂ መልስ አልሰጠነውም። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ነው።

ጎንደርና ወራቤ

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ውስጥ ነበርን። በጎንደር ከተማ የአንድ አረጋዊ ዓሊም ቀብር ላይ ጥቃት ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን የሚገልጽ መረጃ እንደደረሰው አስታወቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በስልጤ ዞን በወራቤ፣ የጎንደሩ በቀል ነው በሚል ስሜት፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ይህም በጾም ወር ነው። የጎንደሩን ለልጆቻችን ነግረን የወራቤውን ከዘለልን፣ ታሪክ አልነገርናቸውም፤ ቂም አወረስናቸው።

ታዲያ የጎንደሩ ጠብ በምን ተነሣ? የመቃብሩ ቦታና የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ጎረቤታሞች ናቸው። ለቀብሩ ድንጋይ ሲነሣ “ይህ የእኛ ወሰን ነው፣ የእናንተ አይደለም” የሚል ክርክር መጣ። በዚያ ሰዓት ስለ ተውሒድ የተከራከረ አልነበረም፤ ስለ ሥላሴም የጠየቀ የለም። ጠቡ የድንጋይና የወሰን ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ክርክር በሁለት ገበሬዎች ማሳ መካከል ቢነሣ ሽማግሌ ይበቃው ነበር። እዚህ ግን በአፍታ ውስጥ “ሙስሊሙ” እና “ክርስቲያኑ” የሚባል ሆነ፤ ድንጋዩን ያላየው ሁሉ ባለጉዳይ ሆኖ ወጣ። ሃይማኖት ጠቡን አልወለደውም፤ ሰው ግን ሰበሰበለት። ይህን መካድ የለብንም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣም እንዲሁ ነበር። “ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ” የሚል ወሬ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም አብረው ወደሙ። ስለ እምነቱ የተቆጣ ሰው ከሱቅ ምን ይፈልጋል? ሱቁ ቂብላ የለውም፣ አይሰገድበትም። ቁጣው ውስጥ ሌላም ነገር እንደነበረበት ሱቁ ራሱ ይመሰክራል።

ያለ ሃይማኖትስ?

የልጁ ጓደኞች እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ፣ ሃይማኖት ገሸሽ በተደረገበት ዘመን ደም መፍሰሱ ይቀንስ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረ ሰው ግን ያየውን ያውቃል። ቀይ ሽብርን ያወጀው መንግሥት የሚመራው በማርክስና በሌኒን ትምህርት ነበር። ያን ጊዜ ወጣቶች ተገድለው አስከሬናቸው መንገድ ላይ ሲጣል ሃይማኖቱን የጠየቀ አልነበረም። በቅርቡም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በሰሜን የተዋጉት ወገኖች በሁለቱም በኩል በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ፣ ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ነበሩ። የነጋሹ መስጂዳችንም ጉዳት የደረሰበት በዚያው ጦርነት ነው። ሥልጣን፣ መሬትና ፍርሃት ያለ ሃይማኖትም ይገድላሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማቆም አይቻልም

ይህን ብለን “እንግዲህ ሃይማኖት ነፃ ነው” ብንል ልጁን እንዋሸዋለን። በረመዳን ወር በ40ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ዐሊይ (ረ.ዐ) ለሱብሒ ሶላት በወጡበት ኩፋ ላይ በሰይፍ የተመቱት በካፊር እጅ አይደለም። የመታቸው ኸዋሪጅ የሚሰግድ፣ ቁርኣን የሚቀራ ሰው ነበር፤ ድርጊቱንም ዒባዳ መስሎት ነው የፈጸመው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲታረዱ፣ በገዳዮቹ ባንዲራ ላይ የተጻፈው የእኛ ሸሃዳ ነበር። የአገራችን ዑለማዎች ያን ጊዜ ድርጊቱን አውግዘዋል። ማውገዙ ተገቢ ነው፤ ግን ሸሃዳው እዚያ እንዴት ደረሰ ብሎ መጠየቅም የእኛ ሥራ ነው። በታሪካችንም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ተገዷል። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን በደል በቃሉ ይዞ የራሱን ይረሳል።

ቁርኣን ስለ መጀመሪያው ግድያ በሱረቱል ማኢዳ ይነግረናል። ሁለቱም የአደም ልጆች ለአላህ ቁርባን አቅርበው ነበር፤ ማለትም የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው ከአምልኮ አጠገብ ነው። እጁን ያነሣው ግን የወንድሙ ቁርባን ተቀባይነት ማግኘቱ ያንገበገበው ነበር፤ ምቀኝነት ነው የገደለው። ሌላኛው ደግሞ አላህን ስለሚፈራ እጁን እንደማያነሣ ተናገረ። ሁለቱም አማኝ ነን የሚሉ፣ ሁለቱም ለአንድ ጌታ ያቀረቡ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ እምነቱን ነፍሱን ለመያዝ ሲጠቀምበት፣ ሌላው ነፍሱን መልቀቁ ነው።

ይህንኑ በጎረቤታችን ኬንያ አይተናል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በማንዴራ አካባቢ አልሸባብ አንድ አውቶቡስ አስቁሞ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች እንዲለዩ አዘዘ። ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች እምቢ አሉ፤ ክርስቲያን ሴቶችን ለመደበቅ ሒጃብ የሰጡም ነበሩ። አንድ ሙስሊም መምህር በዚያ ተመትቶ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ጠመንጃ የያዘውም፣ ጥይቱን የተቀበለውም ያንኑ ሸሃዳ ይላሉ። እንግዲህ ገዳዩ ሸሃዳው ነው ካልን፣ ያዳነውስ ማን ነው?

በቤታችን ምን እናድርግ?

ለዚያ ልጅ መልሳችን ይህ ነው። እምነት ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ግን በቁጣ፣ በወሬና በጥቅም እጅ ሲገባ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ሰው ይሰበስባል። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጠባቂ ይፈልጋል። ጠባቂዎቹም እኛ ነን፤ በሚንበር ላይ ያለነውም፣ በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ ያላችሁትም።

አንደኛ፣ ወሬ። ሱረቱል ሑጅራት ባለማወቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል። ዛሬ ወሬው የሚመጣው በስልክ ነው። ልጃችሁ የተቃጠለ ቤት ምስል ሲያሳያችሁ “የት? መቼ? ማን አየው?” ብላችሁ ጠይቁት። ሳይጣራ ለሌላ መላክ ከጾም ጋር አይሄድም።

ሁለተኛ፣ ፍትሕ። ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን በሱረቱል ማኢዳ ታዘናል። ስለ ሞጣ ስናወራ ስለ ወራቤም እናውራ። ይህ ሁላችንንም ይመለከታል፤ እኛም በሚንበር ላይ የራሳችንን ቁስል ስንቆጥር የጎረቤታችንን የዘለልንበት ጁሙዓ አለ። አላህ ይማረን።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት። አላህ በሱረቱል ሐጅ ስሙ በብዛት የሚወሳባቸውን የአምልኮ ቤቶች ሲያነሣ ከመስጂድ ጋር ገዳማትን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና ምኩራቦችንም አንሥቷል። አባቶቻችን ይህን ኖረውታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊም ለመብቱ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ክርስቲያኖች አብረው ተሰልፈዋል። በሁዳዴ የሚጾም ጎረቤት ካላችሁ፣ ዘንድሮ ከሳምቡሳው የምስሩን ለዩና ላኩለት። ጠብ በመጣ ቀን በሩን ለማንኳኳት የሚደፍር፣ ቀድሞ ያንኳኳ ሰው ነው።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ፣ ለጓደኞቹ “ሃይማኖት ምንም አላጠፋም” ብሎ እንዳይከራከር እንለምነዋለን። “እኔ በሃይማኖቴ ስም ሰው እንዳይነካ እቆማለሁ” ይበላቸው፤ ከዚያም ይቁም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሀገራችንን ከፊትና ይጠብቅልን። ረመዳን ከሪም። ወሏሁ አዕለም።