ሕፃናትን በዜማ ማጫወት ለዕድገታቸው ያለው ጠቀሜታ

የሰው ልጅ አእምሮ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጉት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ ለዚህ ዕድገት አምስት ነገሮች አስፈላጊ መሆናቸውን ያመለክታል። እነዚህም መልካም ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ደኅንነት፣ ለሕፃኑ ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ እና ገና ከጨቅላነት የሚጀምር የመማር ዕድል ናቸው። ስለ ምግብና ስለ ክትባት ብዙ ወላጆች ግንዛቤ አላቸው፤ ጨዋታ ግን ጊዜ ሲተርፍ ብቻ የሚደረግ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ዜማ የታከለበት ጨዋታ ከተጠቀሱት አምስት ነገሮች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያለ ምንም ወጪ በአንድነት ያሟላል።

ሕፃኑ ዜማን የሚማረው እንዴት ነው?

የመስማት ችሎታ ሥራውን የሚጀምረው ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ነው። በመሆኑም አዲስ የተወለደ ሕፃን የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ይሁን እንጂ ዜማ በጆሮ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የሰባት ወር ሕፃናት አንድ ዓይነት ምት እየሰሙ ገሚሶቹ በየሁለት፣ ገሚሶቹ ደግሞ በየሦስት ምቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዙ፣ ኋላ ላይ ሁሉም በተወዘወዙበት አኳኋን የተመታውን ዜማ መርጠው ማዳመጣቸውን አሳይቷል። ሌላ ሰው ሲወዘወዝ ከመመልከት በቀር ራሳቸው ያልተንቀሳቀሱት ሕፃናት ግን ይህን ምርጫ አላሳዩም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አስተውለዋል። በጥናቱ የተካተቱ የዘጠኝ ወር ሕፃናት በአንድ ወር ውስጥ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ፣ በወላጆቻቸው እየታገዙ የዜማ ምት እየመቱ እንዲጫወቱ ተደረገ። ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት ሕፃናት ጋር ሲነጻጸሩ፣ አእምሯቸው በሙዚቃም ሆነ በንግግር ምት ላይ ለሚደርስ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ጎልቶ ታይቷል። ጥናቱ በጥቂት ሕፃናት ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ የድምፅን ሥርዓት መለየት ቋንቋን ለመልመድ መሠረት በመሆኑ ግኝቱ ትኩረት የሚሰጠው ነው።

መሣሪያ የአሳዳጊን ቦታ አይተካም

የሞዛርትን ሙዚቃ የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል የሚል አመለካከት በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። የዚህ አመለካከት መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ጥናት የተደረገው ግን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ በሕፃናት ላይ አልነበረም፤ የታየውም ውጤት ከሩብ ሰዓት ያልዘለለ ነበር። ስለዚህ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ከፍቶ ሕፃኑን ፊት ለፊቱ ማስቀመጥ የሚጠበቀውን ጥቅም አያስገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያም ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ምንም ዓይነት የስክሪን ጊዜ እንዳይኖራቸው ይመክራል።

ለሕፃኑ የሚበጀው ዐይን ለዐይን እየተያየ የሚያንጎራጉርለት ሰው ነው። ለዚህም የድምፅ ማማር አያስፈልግም። በየቤቱ የሚታወቀው እሹሩሩ፣ ጭብጨባና እልልታ፣ ቤተሰቡ በሚናገረው በማንኛውም ቋንቋ ቢቀርብ ያገለግላል። አባቶች፣ አያቶችና ታላላቅ ልጆችም የዚሁ ጨዋታ ተካፋይ ሊሆኑ ይገባል።

በየዕድሜው ምን ማድረግ ይቻላል?

• ከልደት እስከ ሦስት ወር፦ ሕፃኑን በማጥባት፣ በማጠብና በማስተኛት ጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር፤ ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ዝም ብሎ ማዳመጥና ድምፁን መልሶ ማሰማት።
• ከአራት እስከ ስድስት ወር፦ እጆቹን ይዞ ከዜማው ጋር ማጨብጨብ፤ ነቅቶ በሆዱ ሲተኛ ከፊቱ ሆኖ በመዝፈን ራሱን ቀና እንዲያደርግ ማበረታታት።
• ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ወር፦ ሣህን ወይም ባዶ ጀሪካን በእንጨት ማንኪያ እንዲመታ ማድረግ፤ በሚያውቀው ዜማ መካከል ጥቂት አቁሞ ምላሹን መጠበቅ።

ሕፃኑ ፊቱን ካዞረ፣ ካዛጋ ወይም ከተነጫነጨ ደክሞታልና ጨዋታውን ማቆም ይገባል።

ጥንቃቄ

ሕፃን በጨዋታም ሆነ በንዴት በኃይል መነቅነቅ የለበትም፤ በአእምሮው ላይ ጉዳት ሊያደርስ፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣ ይችላል። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ሲወዛወዝ ራሱ መደገፍ አለበት። የድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ሊውጣቸው የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችን ለጨዋታ መስጠት አይገባም።

የመስማት ችግርን በጊዜ ለመለየት

በዜማ ማጫወት ሌላም ጥቅም አለው፤ ወላጆች የሕፃኑን የመስማት ሁኔታ በየዕለቱ እንዲከታተሉ ያስችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ከሆነ፣ በስድስት ወሩ ድምፅ ወደ ሰማበት አቅጣጫ ካልዞረ፣ ወይም አንድ ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ምላሽ ካልሰጠ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነም ዘይት ወይም ሌላ ነገር ሳይጨመርበት መታከም አለበት። «ሲያድግ ይተወዋል» በሚል የሚባክነው ጊዜ ቋንቋ የሚለመድበት ዋነኛ ጊዜ ነው።

የመስማት ችግር የታወቀበት ሕፃንም ከጨዋታው ሊገለል አይገባም። ምቱን በሚታቀፍበት ደረት ንዝረት፣ በእጅ ንክኪና በአሳዳጊው ፊት ላይ ሊከታተለው ይችላል። ስለ ሕፃናት ዕድገት ተጨማሪ ምክር የሚሹ ወላጆች በአቅራቢያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ።