መረጃው ደኅና ሆኖ ሰርቨሩ ሲቀር፦ ብዙ ዲስክ ባላቸው ማሽኖች ላይ የማስነሻ ብልሽትን ስለ መመርመር



የዛሬውን ገለጻ በአንድ የስልክ ጥሪ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ገና በማለዳው ከአንበሳሜ ተደወለልኝ። ደዋዩ ቀድሞ ያስተማርሁት ወጣት ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። «ዶክተር፣ ሰርቨሩ አልነሣም አለኝ» አለ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ተሟጦ፣ ማሽኑ ጠፍቷል። መብራቱ ሲመለስ ማራገቢያው ይዞራል፤ የስምንቱም ዲስኮች መብራት አረንጓዴ ነው፤ ሲስተሙ ግን አይነሣም። ከስምንቱ ሁለቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በመንትያ የያዙ ሲሆኑ፣ በስድስቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የዓመታት መዝገብ ተቀምጧል። ቀጥሎ የተናገረው ነው ያስደነገጠኝ፦ «የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቻለሁ፤ እንደ አዲስ ልጫነው?»

«ቆይ ልጄ፣ ምንም አትንካ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብቻ ንገረኝ» አልሁት።

«ምንም የለም፤ ጥቁር ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።»

ይህች ሰረዝ ብዙ ነገር ተናግራለች። ምን እንደ ተናገረች ለመረዳት ግን ማሽኑ ሲበራ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ባዮስ የተባለው ነባሩ የእናት ቦርድ ፕሮግራም ስለ ሬይድም ሆነ ስለ ሊኑክስ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚሠራው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ በቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ወደ ተመዘገበው ዲስክ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነብባል። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ የማስነሻ ትእዛዝ፣ 64ቱ የአራት ፓርቲሽኖች ሠንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ደግሞ «ይህ ዲስክ ማስነሣት ይችላል» የሚል ምልክት ናቸው። ይህ አሠራር አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለውን ፒሲ ሲያወጣ የመጣ ነው፤ ዛሬም ድረስ ሸክሙን ተሸክመን እንጓዛለን።

446 ባይት ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም ፋይል ፈልጎ ለማንበብ አይበቃም። ስለዚህ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የምናገኘው ግረብ ሥራውን ይከፋፍለዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ሁለተኛውን ብቻ ይጠራል። ሁለተኛው ቁራጭ ከዲስኩ መጀመሪያና ከመጀመሪያው ፓርቲሽን መካከል ባለው ባዶ ክፍተት ይቀመጣል፤ የፋይል ሥርዓትንና የሊኑክስን ሬይድ የሚያነብበው እርሱ ነው። ከዚያ የግረብን ማኅደር ያገኛል፣ ከርነሉንና አጋዥ የመነሻ ምስሉን ይጭናል። የሬይዱን ዲስኮች ሰብስቦ ሲስተሙ የሚኖርበትን ክፍል የሚከፍተው በመጨረሻ ይህ የመነሻ ምስል ነው።

እንግዲህ ስክሪኑ የት እንደ ቆምን ይነግረናል። «ግረብ ሬስኪው» የሚል መጠየቂያ ከመጣ ሁለተኛው ቁራጭ ተነሥቷል፣ ማኅደሩን ግን አላገኘም፤ ብዙ ጊዜ ባዮስ አንዳንድ ዲስኮችን ስላላሳየው ነው። «ግረብ» ብቻ ብሎ ከቆመ ማኅደሩ ተገኝቷል፣ የጎደለው የምርጫ ዝርዝሩ ፋይል ነው። ከርነሉ ጽሑፉን አዝንቦ የስር ክፍሉን ሲጠብቅ ቢቆም ማስነሻው ሥራውን ጨርሷል፤ በሬይዱ አሰባሰብ ወይም በመነሻ ምስሉ ላይ ፈልጉ። ጥቁር ስክሪንና ብቸኛ ሰረዝ ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው የመጀመሪያዎቹን 446 ባይቶች ነው።

ወደ አንበሳሜው ስልክ ልመለስ። «በቅርቡ የተቀየረ ዲስክ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። አለ። ከሦስት ወር በፊት ከሲስተሙ መንትዮች የመጀመሪያው ተበላሽቶ፣ ማሽኑ እንደ በራ በአዲስ ተክቶታል። የፓርቲሽኑን ሠንጠረዥ ከደኅናው ዲስክ ገልብጦ፣ አዲሱን ወደ መንትያው አስገብቶ፣ ቅጂው እስኪያልቅ ጠብቋል። ሁሉም እንደ መጽሐፉ ነው። ነገር ግን በዚህ አሠራር መንትያው የሚያባዛው ፓርቲሽኑን ብቻ ነው፤ ከፓርቲሽኑ ውጭ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶችና ክፍተቱን አይነካም። ሠንጠረዡን የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱን የምልክት ባይቶች አብሮ ጽፏል። በመሆኑም አዲሱ ዲስክ ምልክት አለው፣ ትእዛዝ ግን የለውም። ባዮሱ ምልክቱን አምኖ ወደ ባዶ ቦታ ገባ፣ በዚያውም ቀረ። ምልክቱ ባይኖር ኖሮ ምናልባት አልፎ ሁለተኛውን ዲስክ ይሞክር ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የደረሰው በነሐሴ ሳይሆን በግንቦት ነው። ማሽኑ ሦስት ወር ሙሉ ሳይጠፋ ስለ ሠራ ማንም አላየውም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሰርቨርን ላለማጥፋት የምናደርገው ጥንቃቄ ራሱ እንዲህ ያለውን ስሕተት ይሸሽጋል፤ የሚገለጠውም ሁልጊዜ በማይመች ሰዓት ነው።

«ፍላሹን ንቀል። ማሽኑን አጥፍተህ አብራ፤ የማስነሻ ምርጫውን ክፈትና ሁለተኛውን ዲስክ ምረጥ» አልሁት። ስልኩ ክፍት እንደ ሆነ ጥቂት ጠበቅን። የማራገቢያው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «መጣ! ዶክተር፣ መጣ!» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በአንድም ዲስክ ላይ አንዲት ባይት አልጻፍንም። ሲስተሙ ከተነሣ በኋላ የግረብን የመጫኛ ትእዛዝ በአዲሱ ዲስክ ላይ፣ በፓርቲሽኑ ሳይሆን በራሱ በዲስኩ ላይ፣ አስኬደ፤ ነገሩ አለቀ።

ፍላሹን ለምን እንደ ፈራሁት ላስረዳ። ሊኑክስ ዲስኮችን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ የሚሰይመው በተገኙበት ተራ ነው። ስምንት ዲስክና ሁለት መቆጣጠሪያ ባለው ማሽን ላይ ተራው ከአንዱ መነሣት ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። ፍላሽ ሲሰካ ደግሞ ፍላሹ ራሱ ኤስዲኤ ሆኖ የቀሩትን አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ሊገፋቸው ይችላል። ትናንት ኤስዲቢ የነበረው የሲስተም ዲስክ ዛሬ ኤስዲሲ ነው፤ ትናንት የጻፋችሁትን ማስታወሻ ይዛችሁ ዛሬ ብትጽፉ የምትጽፉት በሌላ ዲስክ ላይ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። በወጣትነቴ በስም ብቻ ተማምኜ ዲስክ ቀረጽሁ፤ የባልደረባዬ የአንድ ዓመት የምርምር መረጃ ጠፋ። ቅጂ አልነበረውም። እርሱ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዲስኩ አካል ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ሳላስተያይ ምንም ጽፌ አላውቅም። እናንተም ገና ስትገጥሙት የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥርና የተቀመጠበትን ማስገቢያ በወረቀት ጽፋችሁ በማሽኑ በር ላይ ለጥፉት። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

በዩኢኤፍአይ በሚነሡ አዳዲስ ሰርቨሮች ላይ የ446 ባይቱ ችግር የለም፤ ቦታውን ሌላ ወስዶታል። ዩኢኤፍአይ ማስነሻውን እንደ ተራ ፋይል በፋት በተቀረጸ አነስተኛ ፓርቲሽን ላይ ይፈልገዋል። መጫኛዎች ይህን ፓርቲሽን በአብዛኛው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይፈጥሩታል። ሲስተሙ በመንትያ፣ መረጃው በሬይድ 6 ሆኖ፣ ማስነሻው ግን በአንድ ዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ማሽን ደጋግሜ አይቻለሁ። በተጨማሪም የማስነሻ ዝርዝሩ የሚቀመጠው በእናት ቦርዱ ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ቦርዱ ሲቀየር ዝርዝሩ አብሮ ይሄዳል፣ ዲስኮቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳሉ ማሽኑ አይነሣም። መድኃኒቱ ፓርቲሽኑን በሁለተኛው ዲስክ ላይም አዘጋጅቶ በየማሻሻያው ማስተካከል፣ ማስነሻውንም ዩኢኤፍአይ ዝርዝር ሲያጣ በሚፈልግበት በተለመደው የመጠባበቂያ ማኅደር ውስጥ ጭምር ማኖር ነው።

ስለ ትልልቅ ዲስኮች በአጭሩ። ነባሩ ሠንጠረዥ የሚቆጥረው በ32 ቢት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት ሲሆን ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት ወዲያ አያይም። ስለዚህ ጂፒቲ የተባለውን አዲሱን ሠንጠረዥ እንጠቀማለን። ነገር ግን ጂፒቲን ከባዮስ ጋር ስናጣምር የግረብ ሁለተኛው ቁራጭ የሚያርፍበት ክፍተት አይኖርም፤ 1 ሜጋባይት ያህል ለእርሱ ብቻ መመደብ አለበት። ይህን የረሳ ሰው በኋላ ዲስኩ ሞልቶ ቦታ ይፈልጋል።

አንድ ጉዳይ ቀረኝ፤ ከሥራ ኃላፊዎች ጋር በየጊዜው የምከራከርበት ነው። ከእያንዳንዱ የዲስክ ለውጥ በኋላ ማሽኑ በቀን፣ ባለሙያው በቦታው ሳለ፣ ጠፍቶ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። «አገልግሎት ይቋረጣል» ይሉኛል። አዎን፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቋረጣል። ያ ወጣት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቅጂ ከወሰደ በኋላ እንዲህ አደረገ፦ ማሽኑን አጥፍቶ የመጀመሪያውን የሲስተም ዲስክ አወጣ፣ በሁለተኛው ብቻ አስነሣው። መልሶ አስገብቶ መንትያው እስኪታረቅ ጠበቀ፤ ከዚያ ሁለተኛውን አውጥቶ በመጀመሪያው ብቻ አስነሣው። ሁለቱም ሠሩ። በሩ ላይ ባለው ወረቀትም ቀኑን ጻፈበት።

በላብራቶሪያችን አንድ አሮጌ ባለ ስድስት ዲስክ ማሽን አለ። ከጥያቄዎቻችሁ በኋላ እዚያ ወርደን የአንዱን ዲስክ የመጀመሪያ 446 ባይቶች እናጠፋለን፤ ሰረዟን በዓይናችሁ ታያላችሁ።