ስድስተኛው «ስማሽ» በወረቀት ላይ

ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የጥሪ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይዘነጋውም። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ለዓመታት የሚዘልቅ ቅያሜ ያመጣል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ወጣቶች፣ የወጣትነት ጊዜያቸው ያለፈ ጐልማሶችም ሳይቀሩ፣ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማንም ሳያዝዛቸው አምሽተው ያዘጋጃሉ። ድግሱ ግን የእነርሱ አይደለም። ደጋሹ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን የጨዋታ ኩባንያ ሲሆን፣ ድግሱም «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። አድናቂዎቹ የሚጽፉት ከአምስቱ ክፍሎች በኋላ ሊመጣ ይገባል የሚሉትን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እነርሱ እንዳሰቡትም ከቶ ላይሠራ ይችላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በሌሎች የድብድብ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተፋላሚ የተወሰነ ኃይል ይሰጠዋል፤ በተመታ ቊጥር ኃይሉ እየቀነሰ ሄዶ ባዶ ሲሆን ይሸነፋል። በስማሽ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተመታው ሰው ቊጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ በመቶኛ እየጨመረ ይሄዳል፤ ቊጥሩም ከፍ ባለ መጠን በሚቀጥለው ምት ርቆ ይወረወራል። የሚሸነፈው ከመድረኩ ዳርቻ አልፎ የጠፋው ነው። ስለዚህ መቶ ሃምሳ የደረሰ ሰው እንኳ እግሩን ካጸና፣ ገና ሃያ ያልሞላውን ባላጋራ ገፍትሮ ሊያሸንፍ ይችላል። ጨዋታው ለልጅም ለዐዋቂም የተመቸው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ሁለተኛው ልዩነት ተፋላሚዎቹ ከአንድ ቤት የመጡ አለመሆናቸው ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ማሪዮ፣ ሰይፍ ታጣቂው ሊንክ፣ ኤሌክትሪክ የሚረጨው ፒካቹ፣ የጠፈር ተዋጊዋ ሳሙስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጨዋታና የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ናቸው። በስማሽ ሁሉም በአንድ መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ልጆች በየቤታቸው አሻንጉሊቶቻቸውን ከየሳጥኑ አውጥተው «ማን ማንን ይጥላል?» እያሉ የሚያጋጥሙት ዐይነት ነው።

የጨዋታው አጀማመር ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ስለሆነ ሳንነግር አናልፍም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚስተር ማሳሂሮ ሳኩራይ ሃል ላቦራቶሪ በተባለው የጃፓን ድርጅት ውስጥ ሲሠሩ አራት ሰዎች አብረው የሚጫወቱት የድብድብ ጨዋታ አሰቡ። በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ሳቶሩ ኢዋታ በሥራ ቀን ጊዜ ስላልነበራቸው፣ የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም ቅዳሜና እሑድ ይጽፉላቸው ነበር። በመጀመሪያ ተፋላሚዎቹ ፊት እንኳ የሌላቸው ቅርጾች ነበሩ። ሚስተር ሳኩራይ ግን ማንም የማያውቃቸው ቅርጾች ሰውን እንደማይስቡ አሰቡና፣ የኒንቴንዶን ፈቃድ ሳይጠይቁ ማሪዮን፣ ዶንኪ ኮንግን፣ ሳሙስንና ፎክስን አስገቧቸው። አስቀድመው ቢጠይቁ እንደሚከለከሉ ሠግተው ነበርና፣ ጨዋታው ጥሩ መልክ ከያዘ በኋላ አሳዩ። ተፈቀደላቸውም። በ1999 ዓ.ም. ጨዋታው ዐሥራ ሁለት ተፋላሚዎች ይዞ ለገበያ ወጣ።

ዛሬ አድናቂዎች በወረቀት የሚያደርጉትን፣ ማለት የሌላ ሰው የሆኑትን ገጸ ባሕርያት ሳያስፈቅዱ አንድ ላይ ማጋጠምን፣ የጨዋታው ፈጣሪዎች ራሳቸው በዕረፍት ቀናቸው አድርገውት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍልም ከመሠራቱ በፊት በወሬ የኖረ ነው። ሚስተር ሳኩራይ በ2003 ሃል ላቦራቶሪን ለቀው ነበር። በ2005 ሚስተር ኢዋታ፣ በዚያን ጊዜ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ አዲስ ስማሽ እንደሚወጣ በአደባባይ ተናገሩ። ሚስተር ሳኩራይ ይህን ሲሰሙ እንደማንኛውም ሰው ተገረሙ፤ ሥራውን እንዲመሩ የተጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አለቃው ራሱ ሠሪ ሳያገኝ ተከታይ ክፍል ካወጀ፣ አድናቂውን ቀን በቀን የሚያልም ሰነፍ ብሎ መንቀፍ የሚቻል አይመስለንም።

የተጋባዦቹ ቊጥር ከክፍል ወደ ክፍል እየበዛ ሄዷል። በ1999 ዐሥራ ሁለት የነበሩት በ2001 26፣ በ2008 39 ሆኑ። በ2014 በሁለት መሣሪያዎች በወጣው ክፍል፣ በኋላ የተጨመሩት ተቈጥረው፣ 58 ደረሱ። በ2018 የወጣው «አልቲሜት» ቀድሞ የነበሩትን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም መልሶ ጠራ፤ የመጨረሻው እንግዳ በኦክቶበር 2021 ሲገባ ቊጥራቸው 89 ሆነ። የዚህም ክፍል ሽያጭ ከ35 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው።

ከኒንቴንዶ ቤት ውጭ የሆኑ ባለመብቶችም በ2008 መጥራት ተጀመረ። የኮናሚ ኩባንያው ስኔክና የሴጋው ሶኒክ መጡ፤ ሶኒክ ለብዙ ዓመታት የማሪዮ የገበያ ባላጋራ ሆኖ የኖረ ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የአድናቂዎቹ ወረቀት ወሰን አጣ።

ወረቀቱም ብዙ መልክ አለው። አንዱ ስም ብቻ ይደረድራል። ሌላው የእያንዳንዱን ተፋላሚ ምት፣ የሚቆምበትን መድረክ፣ የሚሰማውንም ዜማ ሳይቀር ይጽፋል፤ ሥዕል የሚችለው ይሥላል። ዋሉዊጂ የተባለው ረጅም ቀጭን ባለጢም በብዙ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ በ2018ቱ ክፍል ግን ሲጠሩት ብቅ ብሎ የሚረዳ እንጂ ተፋላሚ አልሆነም። ይህም ያሳዘነው ሰው ብዙ ነው። ሪድሊ የተባለው ዘንዶ መሰል አውሬ ደግሞ ለመድረኩ በጣም ትልቅ ነው ሲባል ኖረ። አድናቂዎች ለዓመታት በምስልና በክርክር ሊገባ እንደሚችል ሲያስረዱ ቈይተው፣ በ2018 ጐበጥ ብሎ ገባ።

በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ወረቀቶች የሚበልጠው እንግዳው ሲመጣ ሌሎቹ የማያደርጉትን ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳው ነው። ስም ብቻ መደርደር ወንበር ሳያዘጋጁ እንግዳ እንደ መጥራት ነው።

በኦክቶበር 2018 የሆነው ነገር ምኞቱ የቱን ያህል እንደ በረታ ያሳያል። «አልቲሜት» ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በማተሚያ ቤት የተሠራ የሚመስል የማስታወቂያ ምስል በኢንተርኔት ላይ ታየ። በምስሉም ላይ ባንጆን፣ ጄኖን የመሳሰሉ፣ ሰዎች ለዓመታት የለመኗቸው ገጸ ባሕርያት ተሰልፈዋል። በአጠገቡ «ግሪንች» የተባለው ፊልም ማስታወቂያ ስለሚታይ፣ ብዙዎች «ይህን ሊያስመስል የሚችል የለም» ብለው አመኑ። ኖቬምበር 1 ቀን ኩባንያው የራሱን መግለጫ ሲያቀርብ ምስሉ የሐሰት መሆኑ ታወቀ። ያመኑት ሰዎች ያዘኑት ስለ ተታለሉ ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ ከእውነተኛው ይልቅ ለልባቸው የቀረበ ስለ ነበረ ነው። አስመሳዩ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው የሚመኘውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ደግሞ የሚገርመው ባንጆ፣ የሥራ ድርጅቱ በ2002 ለማይክሮሶፍት የተሸጠው ይህ ድብ፣ በሴፕቴምበር 2019 በሕጋዊ መንገድ ተጋብዞ ገባ።

ከወረቀት አልፈው በእጃቸው የሠሩም አሉ። በ2001 የወጣው «ሚሌ» የተባለው ሁለተኛው ክፍል እጅግ ፈጣን ስለ ነበር፣ ለውድድር የሚጫወቱ ሰዎች እንደ ሙያ ይዘውት ነበር። የ2008ቱ «ብሮውል» ግን ዘገምተኛ ሆነ፤ ይባስ ብሎ ተፋላሚው ሲሮጥ ያለ ምክንያት እየተደናቀፈ ይወድቃል። ቅር የተሰኙት ተሰብስበው፣ ደመወዝ ሳያገኙ፣ «ብሮውል»ን ወደ «ሚሌ» አካሄድ የሚመልስ ማሻሻያ ሠሩ። ስሙንም «ፕሮጄክት ኤም» አሉት። ከ2011 ጀምሮ በነፃ አደሉት፤ በ«ብሮውል» የተተዉትን ሚውቱንና ሮይንም መለሱ። በየከተማው ውድድር ይደረግበት ጀመር። በዲሴምበር 2015 ግን አዘጋጆቹ ሥራውን ማቆማቸውን አስታወቁ።

በ2020 ደግሞ «ሚሌ»ን በኢንተርኔት ለማጫወት አድናቂዎች «ስሊፒ» የተባለ መሣሪያ ሠሩ። «ዘ ቢግ ሐውስ» የተባለው ውድድር በዚሁ መሣሪያ ሊደረግ ሲል፣ በኖቬምበር ወር ኒንቴንዶ ስለ ከለከለ ቀረ። ኩባንያው የንብረቱ ባለቤት መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ያ ፊተኛው ጨዋታ ያለ ፈቃድ መጀመሩን ያወቀ ሰው ጥቂት ማሰቡ አይቀርም። ሚስተር ሳኩራይና ሚስተር ኢዋታ የሠሩትን ይዘው የሚያንኳኩት በር ነበራቸው። የ«ፕሮጄክት ኤም» ሰዎች ግን የሚያንኳኩት በር አልነበራቸውም። በአሜሪካ ሚስተር ዳን ፎርናስ ይህን ችግር በሌላ መንገድ አለፉት፤ በ2017 «ራይቫልስ ኦቭ ኤተር» የተባለውን ጨዋታ የስማሽን አካሄድ ተከትለው፣ ገጸ ባሕርያቱን ግን ራሳቸው ፈጥረው አወጡ።

ኩባንያው ጆሮውን ጨርሶ አልደፈነም። በ2015 ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ሕዝቡ የሚፈልገውን ተፋላሚ እንዲመርጥ አድርጓል። ሶራ የተባለው፣ ዲዝኒ ጭምር የመብት ባለቤት የሆነበት ወጣት፣ በዚያ ምርጫ ቀዳሚ እንደ ነበር ሚስተር ሳኩራይ የገለጹት እርሱን በ2021 የመጨረሻው እንግዳ አድርገው ሲያስገቡ ነው። ልመናው ስድስት ዓመት ፈጀ።

ለስድስተኛው ክፍል የሚጽፉ ሰዎች ከባዱን ጥያቄ የሚያገኙት ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሚስተር ሳኩራይ ሁሉንም የመመለስ ነገር በሚቀጥለው ጊዜ እንደማይጠበቅ ተናግረዋል። ፈቃዱ ከብዙ ኩባንያ ይለመናል፤ እያንዳንዱም ተፋላሚ ከቀሩት ሁሉ ጋር ተመዛዝኖ ይሠራል። ስለዚህ ስድስተኛውን የሚያስብ ሰው ከመጨመር በፊት 89ኙን ስም ጽፎ መሰረዝ ይኖርበታል። ብዙ ወረቀቶች ላይ እርሳሱ የሚቆመው እዚህ ነው። አንዳንዱ በመጀመሪያ ፒቹን ይሰርዛል፤ ደካማ ነው፣ ፒካቹም አለ፣ ብሎ። ፒቹ በ2008ም ቀርቶ ነበር፤ በ2018 ግን ተመልሷል።