«ተረት ተረት» ሲባል ማን ይመልሳል?

ደብረ ማርቆስ፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣ የእህቴን ልጅ «ተረት ተረት» አልሁት። «እሺ አክስቴ፣ ቀጥይ» አለኝ። ያስተማረው የለምና አልተቀየምሁትም። እኛ ግን በሱ ዕድሜ «የላም በረት» ሳንል አያታችን ትንፍሽ አይሉም ነበር።

ጥሪው ለጌጥ አልነበረም። ምድጃው ከስሞ ሰው ከሰው በማይለይበት ጨለማ፣ ተራቹ ማን እንደነቃ፣ ማን እንዳንቀላፋ የሚያውቀው በመልሱ ነው። መልሱ ከሳሳ መኝታ ደርሷል። መዝጊያው «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ» ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፤ ተራውን ለሌላው ያስረክባል፣ የድካም ዋጋም ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሳይጻፍ እንዴት ዘለቀ? እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰው የሰማውን ተረት ደግሞ ሲያወራ ለኑሮው ባዕድ የሆነውን በሚያውቀው ይተካል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ያነበቡ እንግሊዞች ታንኳውን ጀልባ፣ የባሕር እንስሳ አደኑን ዓሣ ማጥመድ አደረጉት። ቤት የሚመታ ቃል ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም። «በረት»ን በ«ጋጥ» ብትተኩት ጆሮ ይመልሰዋል። «የመሠረት» ብትሉት ግን ይቀበላል፤ ለዚህም ነው ሁለቱም መልሶች ጎን ለጎን የኖሩት።

ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» አሉት። ጥሪውም መልሱም ሽፋኑ ላይ ታተመ፤ ለአንባቢው የሚመልሰው አልተረፈለትም። በ1958 የወጣው ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ማንንም ሳይጠራ ማንኩሳ ከተባለው ቦታ ይጀምራል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ድምፁ ወደ ቤታችን ተመለሰ፤ ሬዲዮ ግን መልስ አይሰማም። የልጆች ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ልጆቹን በሰላምታ ነበር የሚጠሩት። አዲስ መክፈቻ ማለት ያ ነው።

የዛሬዎቹ የዩቲዩብ ተራቾች የያዙት ዳቦውን ነው። «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ» አፌን አብስ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? «ተረቴን መልስ» የሚለው ግማሽ ግን ቀርቷል።

ያን ማታ ለልጁ መልሱን አስጠናሁት። በማግስቱ ገና እራት ሳይነሣ ቀድሞኝ «ተረት ተረት!» አለ።

«የመሠረት» አልሁት።

«የላም በረት ነው እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ።