ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚወርድ ሚኒሞ

ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹም ነጻ ሆኖ ሳለ ነጂው የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቢረግጥ የሞተሩ ድምፅ ምን መሆን ይገባዋል? በደንቡ ብዙም መለወጥ የለበትም፤ እንዲያውም በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጥርሶች መዞር ስለሚያቆሙ ሞተሩን ጥቂት ቀለል ሊለው ይችላል። ዳሩ ግን ፔዳሉ በተረገጠ ቍጥር ሞተሩ እንደ መቃተት ብሎ ዙሩን ቢቀንስ ወይም ጨርሶ ቢጠፋ፣ ብዙ ባለ መኪናዎች ጥፋቱን በካርቡሬተሩ ላይ ይጥላሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የፍሪሲዮንና የሚኒሞ ሁለት ልዩ ልዩ ሕመም የሚመስለው ነገር አንዳንድ ጊዜ አንድ ሕመም መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ የምንወስደው ትራያምፍ ስፒትፋየር የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ቅርጹን የነደፈው ኢጣሊያዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ሲሆን፣ መኪናው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1962 እስከ 1980 በኮቬንትሪ ከተማ በካንሊ ፋብሪካ ተሠርቷል። ሞተሩ በመጀመሪያ 1147፣ ቀጥሎ 1296፣ በመጨረሻም 1493 ኩቢክ ሴንቲሜትር ነበረ። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው እጅ እየተጠገኑ ይነዳሉ።

አስቀድሞ የፍሪሲዮኑን አሠራር እንመልከት። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይገፋዋል፤ ታችኛውም ፓምፕ በሹካ አማካይነት አንድ ኩሽኔታ ወደ ፊት ገፍቶ የፍሪሲዮኑን ሞላ ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ ሸራው ከቮላኖው ይላቀቃል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የፍሪሲዮኑ ክዳን በቮላኖው ላይ፣ ቮላኖውም ክራንክሻፍት በሚባለው ዋና ዘንግ ላይ የታሰረ ስለ ሆነ፣ እግራችን የሚሰጠው ግፊት በሞላው ላይ አያበቃም፤ ዋናውን ዘንግ በሙሉ ወደ መኪናው አፍንጫ ይገፋዋል። ይህን ግፊት የሚቀበሉት በኋለኛው ዋና ኩሽኔታ ግራና ቀኝ ሳይሆን ከፊትና ከኋላው የገቡ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ናቸው። ከሁለቱም ይልቅ የሚደክመው የኋለኛው ነው፤ የፔዳሉ ሸክም በእርሱ ላይ ነውና።

ሮንዴላው ሲበላ ዘንጉ ወደ ፊት የሚሄድበት ክፍተት ይሰፋል። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ግጭቱ ስለሚበዛ በሚኒሞ ላይ ያለው ደካማ ኀይል አይበቃውምና ዙሩ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ፔዳሉ ሞላውን ለመጫን ከሚሄደው መንገድ ከፊሉ ዘንጉን በመግፋት ስለሚባክን ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም፤ የኋላ ማርሽም ሲገባ ይጮኻል። ባለ መኪናው እንግዲህ አንዱን ለካርቡሬተር ሠሪ፣ ሌላውን ለፍሪሲዮን ሠሪ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከፋው መድኀኒት፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚኒሞውን ብሎን ማጥበቅ ነው። በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር መሆን የሚገባውን ሚኒሞ ወደ 1100 ከፍ ቢያደርጉት ሞተሩ መጥፋቱን ያቆማል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ሮንዴላው ግን መበላቱን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ከቦታው ወጥቶ ወደ ዘይት መያዣው ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ የዘንጉ ጎን የሞተሩን ዋና አካል ይበላዋል፤ በጥቂት ገንዘብ ይገዛ የነበረው ሮንዴላም ሞተሩን በሙሉ ያስጠፋል።

መርመራው ቀላል ስለ ሆነ ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት ቢደረግ መልካም ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን የፊት ፑሌጃ ይመለከታል። ፑሌጃው በዓይን እስኪታይ ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነገሩ ተገልጧል። ልኩን ለማወቅ ግን ባለ ሰዓት መለኪያ ፑሌጃው ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ነውና ዓይን አይዳኘውም።

ፑሌጃው ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ሌላውን መፈለግ ነው። ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ የሚጠነክር እንደ ሆነ በዘይቱ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የፓምፑ ጎማ አርጅቷል። ፔዳሉን ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ፒን የሚገባበት ቀዳዳም ተበልቶ እንደ እንቍላል ይሾላል፤ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ካምቢዮ በከንቱ እንዲያወርድ አድርጓል። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት መሆኑ ደግሞ በከፍተኛው ማርሽ በዝግታ እየተነዳ ቤንዚን በአንድ ጊዜ ሲሰጠው ይታወቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይከተለውም።

ሚኒሞው ፔዳል ሳይነካ የሚዋዥቅ ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ካርቡሬተሩ እንመጣለን፤ ይኸውም የቫልቮላው ክፍተት፣ ካንዴላውና ፑንቲናው ከታዩ በኋላ ነው። ለእንግሊዝ ገበያ የተሠሩት ስፒትፋየሮች ሁለት ኤስ.ዩ. ካርቡሬተሮች ስላሏቸው ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው። የአየሩን በር የሚይዘው ዘንግ ከተበላ በጎኑ አየር ይገባል፤ ማንም ብሎን ይህን አያስተካክለውም። የቤንዚኑን ልክ ለማወቅ የአንዱን ካርቡሬተር ፒስተን አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ከፍ ማድረግ ነው፦ ዙሩ ከፍ ብሎ ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ ቤንዚን አንሷል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው።

ሮንዴላው የተበላ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። የዘይት መያዣውና የኋለኛው ኩሽኔታ ክዳን ሲፈቱ አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች አንሸራትቶ ማውጣት ይቻላል። ክፍተቱ ከሰፋ ከመደበኛው የወፈሩ ይገኛሉ። አዲሶቹ ሲገቡ የዘይት ቦይ ያለበት ፊታቸው ወደ ዘንጉ መዞር አለበት፤ ተገልብጠው ከገቡ ዘይት አያገኙምና ብዙ ሳይቈዩ ይበላሉ። ከዚያም በኋላ መለኪያው እንደገና ፑሌጃው ላይ ይደገፋል፤ የሚኒሞው ብሎን ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለሰው ልኩ ከታየ ወዲህ ነው።